ማንም ያላዘዘው ወተት

ሲስተር ዘነበች በተቀበረች ቀን፣ መቃብሩ ዳር ቆሞ የሕይወት ታሪኳን ያነበበው የእህቷ ልጅ ነበር። ኮንጋ ተወለደች፤ ይርጋጨፌ ተማረች፤ ነርስ ሆነች፤ በዲላ ለብዙ ዘመን ሕዝብ አገለገለች፤ ሁለት ልጆች አሳደገች፤ ታማ አረፈች። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ልጁ ድምፁ ያምራል፤ ሰውም ጥሩ አድርጎ አለቀሰ። ወረቀቱ ውሸት አልነበረበትም። እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ነበር የቆምኩት፣ ምክንያቱም የሕይወቷ ዋናው ዓመት ከውስጡ ተዘሏል። የዘለለው በክፋት አይደለም። ያኔ አልነበረም፤ የነገረውም የለም።

ከሰዉ ራቅ ብሎ፣ ከአጥሩ ጥግ ካለው ጽድ ሥር፣ አንዲት አሮጊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። አያለቅሱም። "ይጠጉ እንጂ፣ እማማ" የሚላቸውን ሁሉ በእጃቸው ይመልሱታል። ሰው ደክሟቸው መስሎት ተዋቸው። ደክሟቸው አልነበረም። ከኮንጋ የመጡ፣ ታደለች የምትባል ሴት እናት ናቸው። ለምን እንዳልተጠጉ ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መሃል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ታሪኩ ሲጎድል ዝም ማለት አልችልበትም፤ ስለዚህ የጎደለውን እኔ እጽፈዋለሁ።

ከሲስተር ዘነበች ጋር የተዋወቅነው ሚሌኒየሙ ሊከበር ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ዲላ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ አዲስ የወባ መድኃኒት የሚያጠኑ ሰዎች ቤት ተከራይተው ነበር። እኔ የተቀጠርኩት ለጽዳትና ለቁርስ ነው። ሥራቸው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ወባ የያዘውን ሰው ደሙን መስታወት ላይ አድርገው ያያሉ፤ ክኒኑን ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ያስውጡታል፤ ከዚያ በሳምንቱ፣ በሁለት ሳምንቱና በወሩ እየጠሩ ደሙን መልሰው ያያሉ። ወባው ከደሙ ጠፍቶ ከቀረ ክኒኑ ሠርቷል። ተመልሶ ከመጣ አልሠራም።

እንግዲህ ማንን ነው የሚያስገቡት? አማርኛ የሚያነብ፣ ከከተማው የማይርቅና ወንድ የሆነ። ሴት አትገባም። ምናልባት ጸንሳ እንደሆነስ ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ አግዳሚ ወንበሩን የሚሞሉት ተማሪዎች፣ ሾፌሮች፣ ጸሐፊዎችና ባለ ሱቆች ነበሩ።

ወረቀታቸው ላይ "ክኒኑ ከምግብ ጋር ይወሰድ" የሚል ተጽፏል። በመጀመሪያው ቀን ሲስተር ዘነበች ወደ ማድቤቱ ብቅ ብላ፣ "እትዬ አስካለ፣ ከምግብ ጋር ይላልና ዳቦ ቢጤ ስጪያቸው" አለችኝ። እሺ አልኩ። ግን እናቴ እንግዳ ፊት ደረቅ ዳቦ አቅርቤ እንድሄድ አድርጋ አላሳደገችኝም። ጎረቤቴ ላም ነበራት። በየጠዋቱ ከእሷ ወተት እየወሰድኩ፣ አፍልቼ፣ ለእያንዳንዱ በትልቅ ብርጭቆ ከነስልባቦቱ አቀርብ ነበር። ማንም አድርጊ አላለኝም፤ ማንም ተይ አላለኝም። ይህን ወተት ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሲስተር ዘነበች አጭር ነበረች፤ ስትራመድ ግን ረጃጅሞቹ አይደርሱባትም። እስክሪብቶዋን ጸጉሯ ውስጥ ትሰካለች። በሽተኛ ስታናግር ከፊቱ ቁጢጥ ብላ ነው፣ ቁልቁል እስኪያያት ድረስ። አንድ ቀን ወንበር ባቀርብላት፣ "ተይው፣ እትዬ። ከበሽተኛ በላይ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያገኝም፤ እሺታ ብቻ ነው የሚያገኘው" አለችኝ።

የስምምነቱን ወረቀት አንብባ ስትጨርስ ደግሞ፣ "አሁን መልሰህ ንገረኝ" ትላለች። መልሶ መናገር ያልቻለ አይፈርምም። አቶ ሰማን የሚባሉ ባለ ሱቅ ነበሩ። እሳቸው ጋ ስትደርስ የሆነው እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

"አሁን መልሰው ይንገሩኝ" አለቻቸው።

"ምኑን?"

"ክኒኑ ምን ሊያደርግዎት እንደሚችል።"

"ያድነኛላ!"

"እሱን አላልኩም።"

"ኧረ ሴትዮ፣ እኔ ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁት! እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ታስጠኚኛለሽ?"

"አንደኛ ክፍል ቢሆኑልኝማ ጥሩ ነበር፤ እነሱ ይሰማሉ።"

ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ፤ አቶ ሰማንም ሳቁ። ሦስት ጊዜ አስመለሰቻቸው። በአራተኛው ጣታቸውን እየቆጠሩ፣ "ሊያድነኝ ይችላል። ላያድነኝ ይችላል። ሆዴን ሊያውከኝ ይችላል። ካልፈለግሁ ሱቄ መሄድ እችላለሁ" አሉ። እስክሪብቶውን ከጸጉሯ የመዘዘችው ያን ጊዜ ነው።

"ያልተጠየቀ ሰው እሺም አላለም፣ እምቢም አላለም" ትል ነበር። ይህን ስትናገር እንደ ቀላል ነገር ነው የምትናገረው። ኋላ ግን ይኸው አባባል እሷንም እኔንም ከፍተኛ ዋጋ አስከፍሎናል።

ጥቅምት ገባ። ጥቅምት በእኛ አገር ሁለት ነገር አብሮ የሚመጣበት ወር ነው። ቡናው ይቀላል፤ ወባውም ይነሳል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከኮንጋ በኩል የመጣ አይሱዙ በራችን ላይ ስምንት ወይ ዘጠኝ ሴቶች አራገፈ። ቡና ማጠቢያው ላይ ቡና የሚመርጡ ሴቶች ናቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። አዲስ መድኃኒት መምጣቱን ሰምተው ነው። ዘበኛው ሴት አይገባም ብሎ ከለከላቸው። ወደ ጤና ጣቢያው ሂዱ አላቸው፤ እዚያ ያለው ግን ወባው የለመደው አሮጌው መድኃኒት ነው።

ከመሃላቸው ታደለች ነበረች። የእሷና የሲስተር ዘነበች ቤተሰቦች ኮንጋ ላይ አጥር የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። ትኩሳት ውስጥ ሆና እንኳ አፏ አያርፍም። ሲስተር ዘነበችን ባየች ጊዜ፣

"ሲስተር! መድኃኒቱ ሱሪ ለለበሰ ብቻ ነው አሉን። ባሌን ሱሪውን ልዋሰው እንዴ?" አለች።

ሲስተር ዘነበች ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። ዞር ብላ በቀጥታ ወደ ዶክተሩ ክፍል ገባች። በሩን አልዘጋችውም፤ እኔም ኮሪደሩን መወልወል ጀመርኩ። የተወለወለ ኮሪደር ነበር፤ ደገምኩት።

ዶክተሩ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር።

"ሲስተር፣ ሴቶችን የማናስገባው ለራሳቸው ደኅንነት ነው" አላት።

"እሺ ዶክተር። መድኃኒቱ ጥሩ ነው ተብሎ ሲወጣ ለሴቶች አይሰጥም ማለት ነው?"

"ይሰጣል እንጂ። ለሁሉም ይሰጣል።"

"ታዲያ በሴቶች ላይ መሞከሩ መች ቀረ? ሐኪም አጠገባቸው ሳይቆም ይሞከራል ማለት ነው እኮ።"

የዶክተሩ ወንበር ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ።

"የእነዚህ ሴቶች ክብደት የሾፌሮቹን ግማሽ ቢሆን ነው" ቀጠለች። "የሚበሉት ሌላ፣ የሚሠሩት ሌላ። አማርኛ አያነቡም፤ እኔ በቋንቋቸው አነብላቸዋለሁ። ዶክተር፣ ወባው የሚገድለው እነሱን ነው። እኛ መድኃኒቱን የምንለካው በአቶ ሰማን ነው።"

ዶክተሩ ሳቀ፤ ሳቀና ወደ በላይ አካል ጻፈ። ፈቃዱ ሦስት ሳምንት ፈጅቶ መጣ። የእርግዝና ምርመራ እየተደረገላቸው ሴቶች ይግቡ ተባለ። በራችን ተከፈተ። አንድም ሴት አልመጣችም።

"ይኸው ፈቃድ አመጣሁ። የታሉ?" አላት ዶክተሩ።

"የተከፈተው በር ያለው ዲላ ነው፣ ዶክተር። እነሱ ያሉት ኮንጋ ነው። መከር ላይ አንድ ቀን የቀረች መራጭ በማግሥቱ ቦታዋን ሌላ ሴት ይዛባት ታገኛለች።"

ስለዚህ እኛ ሄድን፤ ሲስተር ዘነበችና ሳጥን ተሸካሚ ሆኜ እኔ። ከይርጋጨፌ በኋላ መንገዱ ለመኪና አይመችም ነበርና በሁለት ሞተር ነው የወጣነው። እኔ የመድኃኒቱን ሳጥን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እየደገምኩ ነው የደረስኩት። ወተት አልያዝኩም። በሞተር ላይ ወተት እንዴት ይያዛል? ደግሞም ልክ ያልሆነ ነገር አልመሰለኝም። ወተቱ ለእንግዳ ነው። ኮንጋ ላይ እንግዶቹ እኛ ነን።

ቡና ማጠቢያው ዘንድ ሴቶቹ በረጅሙ የቡና ማድረቂያ አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ። ካቦው ገና ሲያየን ተቆጣ።

"ሥራ ልታስፈቱብኝ ነው?"

"በወባ የወደቀች መራጭ ሥራ ትሠራልሃለች?" አለችው ሲስተር ዘነበች። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞራ በጌዴኡፋ፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ "እጃችሁ ይሥራ፤ ጆሯችሁን ብቻ ስጡኝ" አለቻቸው። እኔ ጌዴኡፋ አልናገርም፤ ግን ዲላ ተወልጄ አርጅቻለሁና እሰማለሁ።

አልጋው ሥር ቁጢጥ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው። የሚጠቅመውን፣ የማይታወቀውን፣ የደም ምርመራውን፣ እምቢ ማለት እንደሚቻል ጭምር። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ፍሬ መልቀማቸውን ሳያቆሙ፣ "እኔ አልፈልግም። በደሜ ማንም አይጫወትም" አሉ።

"እሺ፣ እናቴ። ተመስገን" አለች ሲስተር ዘነበች።

ወደ ኋላ ስንቀር፣ "ምኑ ነው የሚያስመሰግነው?" አልኳት።

"እምቢ የምትል ከተገኘች፣ እሺ ያሉት እውነት እሺ ብለዋል ማለት ነዋ።"

ወረቀቱን ከሁሉም ቀድማ መልሳ የተናገረችው ታደለች ናት። ትኩሳቱ በመሃል ቆም ብሎላት እንደገና ተነስቶባታል። አንድ ሳትስት፣ የሲስተር ዘነበችን ድምፅ ሳይቀር እያስመሰለች ተናገረች፤ ሴቶቹ በሳቅ አልጋው ላይ ተደፉ። እናቷ ግን አልሳቁም። እሳቸውም መራጭ ነበሩ።

"ልጄን ለሙከራ ነው የምትወስዷት?" አሉ።

"እኔ አለሁ፣ እናቴ" አለች ሲስተር ዘነበች።

"አንቺ ካለሽ እሺ" አሉ እናትየዋ።

እሺ ካሉት ወባ የተገኘባቸውንና ያልጸነሱትን ለይተን ሦስት ቀን እዚያው ሰነበትን። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር፣ ማታ ፀሐይ ሳትገባ ሲስተር ዘነበች ክኒኑን በእጇ እየሰጠች ታስውጣቸው ነበር። ወረቀቱ ከምግብ ጋር ይላል፤ ሴቶቹም ምግብ ነበራቸው። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ከመቀነታቸው ይፈታሉ፤ ይቆርሳሉ፤ ክኒኑን በውሃ ያወርዳሉ። "በልታችኋል?" ትላለች። "በልተናል" ይላሉ። በቅጹ ላይ ምልክት ታደርጋለች። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሁሉ ጠፋ። ታደለች ቡና እየለቀመች ትዘፍን ነበር። እኛም ደስ ብሎን ወረድን።

በሳምንቱ ስንመለስ ደማቸው ንጹሕ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የተወሰኑት ላይ ወባው ተመልሶ ተገኘ። አሮጌውም አዲሱም ስላልሠራላቸው ሌላ መድኃኒት ተሰጣቸው። ታደለች ግን የዚያን ቀን አልተገኘችም፤ ሲስተር ዘነበች ቤቷ ድረስ ብትሄድ ዝግ ነው። የባሏ ዘመድ ዘንድ፣ ራቅ ያለ ቀበሌ ለለቀማ ሄዳለች ተባለ። ሰው ላክንባት። ትኩሳት ሲጀምራት ድካም መስሏታል አሉ። ትኩሳቱ በያዛት በአምስተኛው ቀን በቃሬዛ ወደ መንገድ አወረዷት፤ ከዚያ በአይሱዙ ዲላ አደረሷት። ስትደርስ ሰው አትለይም ነበር። ሲስተር ዘነበች ከአጠገቧ ሳትነሳ ዋለች፤ ያቺ ወሬኛ አፍ አንድ ቃል እንድትናገር ስትለምን ዋለች። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ታደለች አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ ዶክተሩ ሁለታችንንም ጠራን። ፊቱ ከስቶ ነበር።

"ሞቱን ለበላይ አሳውቄያለሁ፤ ይመረመራል" አለ። "ሌላም ነገር አለ። ወንዶቹ ላይ ክኒኑ በጣም ጥሩ ሠርቷል። የኮንጋዎቹ ግን የሆነ የተለየ ነገር አለባቸው። ምናልባት በትክክል አልዋጡትም። ቅጾቻቸውን ለብቻ ብናስቀምጣቸው ይሻላል።"

"ለብቻ ማለት የት ነው?" አለች ሲስተር ዘነበች።

"ከሪፖርቱ ውጭ።"

"እጄ ላይ ነው የዋጡት፣ ዶክተር።"

"አምንሻለሁ። ግን የማይመስል ነገር ሁሉንም ያበላሻል።"

"እነሱ ናቸው የማይመስሉት?" አለች። "ወይስ ወንዶቹ?"

ለሦስት ቀን ቅጾቹን ጎን ለጎን ዘርግታ አየች። ዕድሜ፣ ክብደት፣ ሰዓት፣ የክኒን ብዛት። ሰው አታናግርም፤ እኔም የቁርሱን ዕቃ ሳጥብ ድምፅ እንዳላሰማ እጠነቀቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ ማድቤቱ ገብታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

"እትዬ አስካለ፣ ወንዶቹን ምንድነው የምታበያቸው?"

"ዳቦ።"

"ዳቦ ብቻ?"

"በወተት ነው እንጂ።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ወተት? ለማን?"

"ለሁሉም። ከነስልባቦቱ።"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን። እንግዳ ደረቅ ዳቦ አይበላም።"

"ኮንጋስ?"

"ኮንጋማ እንግዶቹ እኛ ነበርን" አልኩ። የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ስብ ካላገኘ ከሆድ ወደ ደም በደንብ የማይገባ መድኃኒት አለ። ትምህርት ቤት ሳለች ስለ ሌላ መድኃኒት ተምራዋለች። የእኛ ወረቀት ግን "ምግብ" ብሎ አለፈ፤ የጻፉት ሰዎች ምግብ ሲሉ በዓይነ ልቡናቸው የታያቸው የራሳቸው ገበታ ነው። ወንዶቹ ጠዋት የእኔን ወተት ይጠጣሉ፣ ማታ ቤታቸው ቅባት ያለው ወጥ ይበላሉ። ሴቶቹ በመከር ጠዋትም ማታም ደረቅ ቆጮ። ዲላ ላይ ብቻ ቀርተን ቢሆን ኖሮ፣ ክኒኑ ሸጋ ነው ተብሎ ሲወጣ ወተቱን ማንም አያየውም ነበር።

ዶክተሩ ሲሰማ እጁን ራሱ ላይ አደረገ።

"ወተቱን ማን አዘዘሽ?"

"ማንም።"

"ለምን አልነገርሽንም?"

"ማን ጠየቀኝ?" አልኩ። ይህ ቁጣ አልነበረም። ድምፄ ራሱ ለእኔ የሌላ ሰው መሰለኝ። "ጥፋተኛ ነኝ እንዴ፣ ዶክተር?"

"አይደለሽም። ወረቀቱን የጻፍነው እኛ ነን" አለኝ። ደግ ቃል ነበር። እስከ ዛሬ ግን አልተቀበልኩትም።

ቀጥሎ የሚቀረው ሴቶቹን አንድ በአንድ ምን እንደበሉ መጠየቅ ነው። ያንን ካመጣችሁ ቅጾቹን ወደ ሪፖርቱ እመልሳለሁ አለ ዶክተሩ። ታደለች ከሞተች ወዲህ የኮንጋን ሰው ለማየት ደግሞ ዓይን ያስፈልጋል። ገና ከሞተሩ ስንወርድ ሽማግሌዎቹ ሲስተር ዘነበችን ሶንጎ ላይ እንደሚጠብቋት ተነገረን። ሶንጎ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት፣ ትልቅ ዛፍ ያለበት ቦታ ነው። የሚናገሩት ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ ከዳር ቆመዋል፤ የታደለች እናትም ከመሃላቸው።

"ልጅቷን ያስገባት ማነው?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"ታደለችን ያስገባኋት እኔ ነኝ" አለች። ስሟን ጠርታ።

"ክኒኑን ያስዋጣትስ?"

"እኔ።"

ከኋላዋ ሆኜ ነጠላዋን ጎተትኩ። "ወባው ነው የገደላት በያቸው! ወረቀቱን የጻፉት ሌሎች ናቸው በያቸው! ወተቱ የእኔ ነው በያቸው!" እያልኩ አንሾካሾክሁ። ሁሉም እውነት ነበር። ዞራ እንኳ አላየችኝም።

"አውቀሽ ነው?" አሉ ሽማግሌው።

"ባውቅ ኖሮ ቅቤ ተሸክሜ እመጣ ነበር።"

"አሁንስ ምን ፈልገሽ መጣሽ?"

"ክኒኑ ለወንዶቹ ሠርቷል፤ ለእነዚህ አልሠራም። ለምን እንዳልሠራ ካልተጻፈ፣ ነገ በየመንደሩ ይሰጥና በደረቅ ቆጮ ይዋጣል። ምን በልተው እንደዋጡ ሴቶቹ እንዲነግሩኝ ነው። መጠየቅ የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። በልታችኋል ወይ አልኩ፤ ምን በላችሁ አላልኩም።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "እሱን እኛ አንመልስልሽም። የበሉት እነሱ ናቸው" አሉ ትልቁ።

ካቦው እንኳ ራሱን አቀርቅሯል። በመጨረሻ የታደለች እናት ከዳር ወደ መሃል ገቡ።

"ልጄ ከተቀበረች ወዲያ ወረቀቷ ለእኔ ምኔ ነው?" አሉ።

ሲስተር ዘነበች ቁጢጥ አለች።

እናትየዋ ለረጅም ጊዜ ከላይ አዩዋት።

"ቆጮ ነው የበላችው" አሉ። "የጋገርኩላት እኔ ነኝ። ደረቅ ነበር።"

ከዚያ ዞረው ሄዱ። ሌሎቹ ሴቶች አንድ በአንድ መጥተው ተናገሩ። ቤታቸው ላም ያላቸው ጥቂቶች ነበሩ፤ ከመምጣታቸው በፊት ወተት የቀመሱ፣ ቅቤ የነካ ነገር የበሉ። ወባው ያልተመለሰባቸው ይበዙ የነበረው ከእነሱ መሃል ነው። ሲስተር ዘነበች እንባዋ ቅጹ ላይ እንዳይወድቅ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ነው የጻፈችው።

ዶክተሩ ቃሉን ጠበቀ። ሴቶቹ ሪፖርቱ ውስጥ ገቡ፤ ወተቱም ገባ። ጥናቱ ሲያልቅ ቤቱ ተዘጋ፤ እሱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ሲስተር ዘነበች ወደ ጤና ጣቢያ ተመለሰች። ለሌላ ጥናት ጠርተዋት ነበር። ሄደች፤ ብዙዎች ትቀራለች ብለው ነበር። "እኔ ከቀረሁ 'ምን በላሽ?' ብሎ የሚጠይቃቸው ማነው?" አለችኝ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ግን ፈቃድ ወስዳ ኮንጋ ትወጣለች። የታደለች እናት በር አልከፈቱላትም። አንድም ዓመት። "ታዲያ ለምን ትደክሚያለሽ?" ስላት፣ "በሩ ባይከፈትም ማንኳኳቴን ይሰማሉ" ትላለች።

ከዓመታት በኋላ የልጅ ልጄን ወባ ያዛት። መድኃኒት የምትሰጠው ወጣት ክኒኑን በመስኮት እያቀበለችኝ፣ "እማማ፣ ስብ ካለው ምግብ ጋር ትውሰድ። ወተት ቢሆን ጥሩ ነው" አለችኝ። እዚያው ቀረሁ።

"ማን ነገረሽ?"

"እንዴ፣ ወረቀቱ ላይ አለ እኮ።"

ከኋላዬ ወረፋ የያዘው ሰው እስኪያጉረመርም አልተንቀሳቀስኩም። ከዚያ በቀጥታ ሲስተር ዘነበች ዘንድ ሄጄ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እስክሪብቶዋን ከጸጉሯ አውጥታ ስታገላብጠው ቆየች።

"የእኛ ይሁን የሌላ አገር አናውቅም፣ እትዬ። ብዙ ቦታ ተጠንቷል" አለች። ቆይታ ቆይታ፣ "ለእናቷ ግን ይህን አልነግራቸውም" አለች። "ልጅዎ ለሰው ተረፈች ብዬ ላጽናናቸው? ተርፋ ቢሆን ነበር እንጂ።"

እንዲህ ያለች ሰው ነች በአንድ ገጽ ተኩል የተቀበረችው።

የእህቷ ልጅ አንብቦ ሲጨርስ ሰዉ ወደ ጉድጓዱ ተጠጋ። እኔ ወደ ድንጋዩ ሄድኩ። እናትየዋ ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ።

"ባለ ወተቷ ነሽ" አሉኝ በጌዴኡፋ።

"ነኝ" አልኩ በአማርኛ፤ እሳቸውም ይሰማሉ።

"የተነበበው ወረቀት ላይ ልጄ አለች?"

"የለችም።"

"የዶክተሩ ወረቀት ላይስ?"

"ቁጥር ነው ያላት፣ እናቴ። እዚያ ስም አይጻፍም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የጠበቁት መልስ ይመስል።

"ይቅር አላልኳትም" አሉ።

"አውቃለሁ።"

"ግን ሶንጎ ላይ በወንዶች ፊት ስሟን ጠርታታለች። በሬን ስታንኳኳም ሳላያት ሰምቻታለሁ፤ በየዓመቱ።" ክንዴን ያዙና ተነሱ። "አድርሺኝ።"

ሰዉ መንገድ ለቀቀልን። አፈሩ ገና አልተመለሰም ነበር። ጎንበስ ብለው እፍኝ አፈር አነሱና፣ ሳይጥሉት ወደ ጉድጓዱ እንደ ጎረቤት፣ በአጥር ላይ እንደሚጣሩ አድርገው ተናገሩ።

"ዘነበች፣ ታደለችን ካገኘሻት፣ ምን በላሽ ብለሽ እንዳትጠይቂያት።"